በቀኝ በኩል ያለው ነጭ ቦታ

መስከረም 14

ባሕር ማዶ ላለኸው ለጩሉሌ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ከእኔ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ከጎኔ ተቀምጣ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» እያለች ትነዘንዘኛለች። አደራ፣ በስልክ ቁርጥራጭ ቃል እየወረወርክ እንዳትመልስልኝ። በኢሜይልም ቢሄድ ደብዳቤ ደብዳቤ ነው፤ ምርቃት አለው፣ መሰነባበቻ አለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ደስታው ሊያንቀኝ ነው! ለድረ ገጼ ለፌርማታ የጻፍክልኝ ጽሑፍ ከተማውን አዳረሰው። ከአውቶቡስ ስምሪት ክፍል ጡረታ ወጥቼ ይህችን ድረ ገጽ ከከፈትኩ ወዲህ፣ የትኛው አውቶቡስ በየት ዞረ፣ ውኃ የት ሰፈር ተቋረጠ፣ ማን ጃንጥላውን ረሳ እያልኩ ስጽፍ ስኖር፣ እንዲህ የተነበበ ነገር አይቼ አላውቅም። «ከሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ መገላገያ» ያልከው አርእስት ራሱ ሰዉን ጎትቶ አስገባው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ለተሰለፈው ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት አትማ በሯ ላይ ለጠፈችው። እኔም እንደጻፍከው አንድ በአንድ ተከትዬ ማስታወቂያ ማገጃውን በኮምፒውተሬ ጫንኩ። ምን ዓይነት ሰላም ነው! ያ ሲዘል ሲፈነጥዝ የነበረው ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ደግሞ ሌላ ወሬ አለኝ። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በሆስፒታሉ በኩል ማለፉን ሊያቆም መሆኑን ሰምቼ ቀድሜ ጻፍኩ። አንባቢው ተንጫጫ፣ የትራንስፖርት ቢሮው ስልክ ፋታ አጣ፣ በሳምንቱ መስመሩን መለሱት! ሕመምተኛው አሁንም ከሆስፒታሉ በር ላይ ይወርዳል። ደስታዬን አስበው።

ፊደሉ ያልለቀቀ ኪቦርድ ላክልኝ። የእኔው ተፋፍቆ አልቆ በግምት ነው የምጽፈው።

መቼ ነው የምትመጣው? እናትህ ጠይቂው አላለችኝም፤ እኔው ነኝ የምጠይቅህ።

እጅህ የነካው ማሽን ሁሉ ይታዘዝልህ።

አክስትህ


መስከረም 16

ይድረስ ለምወድዎት ለእትዬ፣

ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ደህና ሆንኩ።

እዚህ የምሠራበት ክፍል ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ዙሪያዬን ሆዳቸው የተከፈተ ፕሪንተሮች ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የእጄን ቀለም ጠርጌ ፌርማታን እከፍታለሁ። ሰባት ቁጥር መመለሱን ሳነብ ብድግ ብዬ ጮህኩ! አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት ዞረ። እዚህ ያለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አላውቅም፤ የእናንተን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጽሑፌ ያን ያህል መወደዱ! እትዬ፣ ክፍል ሁለት እጽፋለሁ። የስልኩንና የኮምፒውተሩን አሳይቻለሁ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን አሳያለሁ። ከተማው ውስጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር እንዳይቀር!

ኪቦርዱን ሰሞኑን እልካለሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እናቴን ሳሙልኝ።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጩሉሌ


ጥቅምት 21

ለጩሉሌ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዘገየሁብህ፤ ጤናዬ ግን ምንም አልሆነ።

ኪቦርዱን ገና ካልላክኸው ተወው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ድረ ገጽ ሲዘጋ የተጻፈው ሁሉ የት ይሄዳል? ፍላሽ ላይ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እንዲያው ለማወቅ አይደለም። ለምን እዋሻለሁ? የማስታወቂያው ገንዘብ ደርቋል። አንባቢው ከመቼውም በዝቷል፣ ገንዘቡ ግን ውኃ በላው። የሰርቨሩ ኪራይ በኅዳር መጨረሻ ይከፈላል፤ እስከ ዛሬ የምከፍለው ማስታወቂያ ከሚያመጣልኝ ነበር። ካልተከፈለ ፌርማታ ተዘጋ ማለት ነው። የማስታወቂያ ድርጅቱን ብጠይቅ «ማስታወቂያዎቹን ያያቸው የለም» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ዓይኑን ጨፈነበት? ደግሞ እኔም ስከፍተው በቀኝ በኩል ያለው ቦታ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። ሆን ብለው ያነሱብኝ ይመስለኛል።

እስቲ አንተ ካለህበት እይልኝ። ላንተም ነጭ ነው? ባለሙያው አንተ ነህ።

ለእናትህ አልነገርኳትም። በየጠዋቱ የጠፋ ዕቃ ዓምዱን ካላነበብኩላት ቀኑ አይነጋላትም፤ እንዴት አፌን ሞልቼ ልንገራት?

መቼ ትመጣለህ ብዬህ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ።

አክስትህ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ቸኩያለሁና ምርቃቱን ከመጨረሻ አደርገዋለሁ።

አየሁ! ነጭ ነው! በቢሮው ኮምፒውተር ከፈትኩ፣ በስልኬ ከፈትኩ፣ ቤት ሄጄ በላፕቶፔ ከፈትኩ፤ በሁሉም ነጭ ነው! የእርስዎ ኮምፒውተር ምንም አልሆነም፤ ሰዎቹ ናቸው! ቆሽቴ አረረ። በአንድ ጡረተኛ ላይ እንዲህ ይሠራል?

የቁጣ ደብዳቤ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ፈርመው ይላኩት። «የባሕር ማዶ ባለሙያ በሦስት መሣሪያ መርምሮ አረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቻለሁ። ያስደነግጣቸዋል።

አይዞዎት። ፌርማታማ አትዘጋም! ፈጣሪ ከሌባ ይጠብቅልኝ።

ጩሉሌ


ኅዳር 2

ለባሕር ማዶው ባለሙያ፣

ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ! ተቀመጥ። ካልተቀመጥክ ይህን አታንብብ።

የቁጣ ደብዳቤህን ላክሁት። ድርጅቱ አሁንም «ማስታወቂያው በቦታው አለ» አለ። ያኔ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። በስምሪት ክፍል ሳለሁ አንድ አውቶቡስ ሲጠፋ ሹፌሩን አልጠይቅም ነበር፤ ሹፌር ምንጊዜም «መንገድ ላይ ነኝ» ነው የሚለው። ከፌርማታ ፌርማታ እየደወልኩ «መጨረሻ ያየው ማነው?» እላለሁ። የጠፋውን ማስታወቂያም እንዲሁ ልፈልገው ተነሣሁ።

ዳቦ ቤት ገባሁ። «ስልክህን አውጣ፣ ፌርማታን ክፈት።» ነጭ። መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ነጭ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ከፈተልኝ፤ ነጭ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባሁ። ግማሽ ጢሙ የተላጨ ሰውዬ ወንበሩ ላይ አለ። አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ በሌላ እጁ ስልኩን ሰጠኝ። ከፈትኩት። አንተ ልጅ! ሠርግ ቤት ነው! በቀኝ ይዘላል፣ ከታች ይሮጣል፣ አንዷ ሴትዮ ፀጉሯን ታወናጭፋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማስታወቂያ ነዋ! ሁልጊዜ አለ። እርስዎ ጋ የለም እንዴ?»

«እንዴት አንተ ጋ ብቻ ሊኖር ይችላል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሰው ሁሉ ያን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ አንድ ነገር ስልኩ ላይ ጭኗል አሉ። እኔ ረጅም ነገር አይሆንልኝም፤ አርእስቱን አይቼ ነው የማልፈው።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ገባህ? ጽሑፍህ! በገዛ ድረ ገጼ ላይ አወጣሁት፣ ለከተማው ሁሉ አስነበብኩት፣ ከተማው እንደተነገረው አደረገ! የራሴን ገቢ በራሴ እጅ ዘጋሁት፤ አንተም በሦስት መሣሪያ ያየኸው ያንኑ ማገጃህን ነው! ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ዘጭ ብዬ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ። ባለግማሽ ጢሙ ሰውዬም ምኑም ሳይገባው አብሮኝ ሳቀ።

ቀጥሎ ግን ሳቄ ጠፋ። ስልኩን ልመልስለት ስል ምን አየሁ? ከሆስፒታሉ አውቶቡስ ዜና አጠገብ «የስኳር በሽታን ከሥሩ የሚነቅል ዱቄት» ይላል። ከሥሩ «ለመቀጠል እዚህ ይጫኑ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ የእኔን ገጽ ቁልፍ ቁጭ ነው። ወዲያው መድኃኒት ቤት ተመልሼ ነገርኳት። እመቤቲቱም «ልነግርዎ ከብዶኝ ነው እንጂ አውቃለሁ» አለችኝ። በክረምቱ አንድ ደንበኛዋ የስኳር መድኃኒቱን ትቶ ያን ዱቄት ገዝቷል። ለምን ብትለው «ፌርማታ ላይ አይቼ ነው፤ እትዬ አትዋሽም» አላት። ጽሑፍህን በሯ ላይ የለጠፈችውም ለዚህ ነው። ሰውዬው ፈጣሪ ይመስገን ተርፏል።

እትዬ አትዋሽም። ይህች ቃል አንጀቴን በላችው። ያን ዕለት ውሉን አፈረስኩ። ድርጅቱን ለስድቡ ይቅርታ ጠይቄ፣ ለዱቄቱ ደግሞ የሚገባውን ነገርኩት። አሁን ቦታው የእውነት ነጭ ነው። ጽሑፍህንም አላነሳውም፤ ትክክል ነው። ሰው በሩን መዝጋቱ መብቱ ነው፤ በእኔ በር የገባው ሌባ ነበርና። ግን የኅዳር መጨረሻ እየመጣ ነው፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አክስትህ


ኅዳር 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬን ፊቴን ሸፍኜ አቀርባለሁ። ምድር ጠበበችኝ። «በሦስት መሣሪያ መርምሮ»! ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዓለም ላይ የሚያጠፋልኝ ማገጃ በተገኘ!

ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ፤ ዛሬውኑ እልካለሁ።

ግን እትዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ አንድ ነገር ታየኝ፤ ደስ የሚል ነገር! ያን ነጭ ቦታ ለማያውቁት ድርጅት ለምን ይሰጣሉ? ለሚያውቁት ሰው ይሽጡት! ዳቦ ቤቱ፣ ሰፊው፣ መድኃኒት ቤቷ አሉ። የማይዘል፣ የማይጮህ፣ ሰውን ከኋላ ተከትሎ ምን እንዳነበበ የማይሰልል አንድ ሥዕልና ሁለት መስመር ጽሑፍ ይበቃል። ለአንባቢው ደግሞ እውነቱን ይንገሩት። ማገጃውን ከስልኩ አያጥፋ፤ ፌርማታን ብቻ «ትለፍ» ይበላት። የማገጃውን ምልክት ነክቶ ለዚህ ገጽ ፍቀድ ማለት ነው፤ ዳቦ ከመግዛት ይቀላል። የቻለ በየወሩ ትንሽ ይርዳ፣ ያልቻለ ለጎረቤቱ ያስነብብ፣ እሱም እርዳታ ነው።

አንድ ችግር አለ። ገጹ ላይ ማስታወቂያ የሚገባበትን ሳጥን እኔ ስሠራው ስሙን «ማስታወቂያ» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ማገጃው ስሙን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፣ ውስጡ ያለው የሰፊው ሱሪም ቢሆን። ከፈለጉ ስሙን ለውጬ በጓሮ በር አስገባዋለሁ፤ ማንም አያውቅም።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ። እጅዎን እስማለሁ።

ጩሉሌ


ኅዳር 8

ለጩሉሌ፣

ጤናህ ይብዛ፣ ሐሳብህም ይብዛ!

ገንዘብህን አትላክ። አንተ ከከፈልክልኝ ፌርማታ የእኔና የአንተ ጨዋታ ትሆናለች። አንባቢው የሚፈልጋት ከሆነ ያቆማታል፤ ካልፈለጋት ትዘጋ፣ እኔም ጉልበቴን ላሳርፍ። የጓሮ በሩንም ተወው። ማንም ሳያውቅ ሰው ቤት የገባው ያ ዱቄት ነው፤ እኛ አንኳኩተን እንገባለን።

ዛሬ ጠዋት ከገጹ አናት ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «አንባቢዎቼ፣ በዚህ ገጽ ላይ የሐሰት መድኃኒት ተሸጧል። የሸጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ቦታውን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዓይኔ ያላየሁትን አላስገባም። ይህ ወር ሲያልቅ ኪራይ ይከፈላል። ፌርማታ ትቆይ የምትሉ ማገጃችሁን ‹ለእሷ ፍቀድ› በሉት፤ አሠራሩ ከታች አለ። መርዳት የምትፈልጉ ቤቴን ታውቁታላችሁ።»

ስጽፍ እናትህ ከኋላዬ ቆማ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ «ልትዘጋ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ከተማው ደግሞ «ጩሉሌ ፌርማታን ሊዘጋት ነበር» እያለ በሳቅ ይፈርሳል። ጠልተውህ እንዳይመስልህ። ስምህን እንዲህ በፍቅር ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም።

እስቲ ምን ይመጣ እንደሆን አብረን እንይ።

አክስትህ


ኅዳር 27

ለጩሉሌ፣

እልል በል! ምርቃቱ በኋላ ይደርሳል፣ አንተ መጀመሪያ እልል በል!

መጀመሪያ የመጣው ማን መሰለህ? ፀጉር አስተካካዩ! ገንዘቡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ይህን ያህል ጊዜ ያን ሁሉ ማስታወቂያ ያየሁት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ፌርማታን ያኖርኳት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ ሌላውም ይርዳ!» ብሎ ሄደ። ቀጥሎ የሰባት ቁጥር ሹፌሮች ተሰባስበው መጡ፣ ደረጃው ሞላ። ዱቄቱን የገዛው ሰውዬ ምርኩዙን ይዞ መጣ፤ እሱን ሳይ እንባዬ ቀደመኝ። «አሁንም አትዋሹም» ብሎ ተቆጣኝ፤ ቁጣው ከምርቃት ይበልጣል።

ነጩ ቦታ ሞላ! ሰፊው «ሱሪ እናሳጥራለን፤ ማስረዘም ግን አንችልም» ብሎ አስነገረ። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት «ዱቄት ከመግዛትዎ በፊት እኔን ይጠይቁ» አለች። ዳቦ ቤቱ የዳቦውን ሥዕል አወጣ፤ እውነቱን ለመናገር ድንጋይ ይመስላል። ሰዉም ማገጃውን ለእኛ ፈቅዷል፤ ታክሲ ውስጥ «ፌርማታን አሳለፍካት?» እየተባባለ ይጠያየቃል። ኪራዩ ተከፈለ፣ የመጪውም ዓመት ጭምር! እንደ ልጅ ቦረቅሁ፤ ጉልበቴም ዝም አለ።

ከሁሉ በላይ ያለውን የመጀመሪያውን ቦታ ግን ለማን እንደሸጥኩት አልነግርህም። ግባና እይ። ቅናሽ ጠይቃኝ ነበር፣ አልቀነስኩላትም።

ቤትህ በሳቅ ይሙላ።

አክስትህ


ኅዳር 28

ይድረስ ለእትዬ፣

እልልልል! ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ፕሪንተሮቹ ምስክሮቼ ናቸው! ማስታወቂያዎቹንም አየኋቸው፣ እጅግ ያምራሉ። ዳቦውም ቢሆን ያን ያህል ድንጋይ አይመስልም። የመጀመሪያውም ቦታ በጣም ቆንጆ ነው። ኪቦርዱንም ዛሬ ልኬያለሁ።

ሥራ ስለበዛብኝ በዚሁ ላብቃ። ደስታዎን ያዝልቅልኝ።

ጩሉሌ


ታኅሣሥ 4

ለቀጣፊው፣

ዋሸህ! አላየኸውም! አይተኸው ቢሆን ስለ ዳቦ አታወራም ነበር።

ከተማው ሁሉ ማገጃውን ለፌርማታ ሲፈቅድ አስተማሪው ብቻ ዘግተህ ተቀምጠሃል። አንዲት የምታውቃት ሴት በየጠዋቱ እየመጣች «አየው ወይ?» ትለኛለች፤ እኔም «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እላታለሁ። ስለ አንተ መዋሸት ሰልችቶኛል።

ፍቀድና እይ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 5

ይድረስ ለእትዬ፣

ፈቀድኩ። አየሁት።

በምሳ ሰዓት ነበር። ገጹ ሲከፈት ከላይ በቀኝ በኩል ሥዕል የሌለው ማስታወቂያ ወጣ፦

«ጠፍቷል። ዕቃ አይደለም፣ ልጄ ነው። ረዘም ያለ፣ ሲቸኩል የጫማውን ክር ሳያስር የሚወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሰባት ቁጥር አውቶቡስ መስኮት እጁን ሲያወዛውዝ ነው። ሊቅ ሆነም አልሆነም ግድ የለኝም። ያገኘው ለእናቱ ይመልስላት።»

አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ምን ሆንክ አለኝ። አንብቤ ተረጎምኩለት፤ እሱም ፕሪንተሩን ትቶ ቁጭ አለ።

እትዬ፣ መቼ ትመጣለህ ባሉኝ ቁጥር ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። እናንተ ሊቅ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር አፍ ስፈለቅቅ ነው የምውለው። የሆነ ነገር ሆኜ ልምጣ እያልኩ ዓመቱን ገፋሁት። አሁን ከተማው ጉዴን ሰምቶ ስቆ ጨርሷል፤ ምን የምደብቀው አለኝ? ደስ አለኝ እኮ! እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም! ከሰዓት በኋላ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ማታውን ቲኬት ቆረጥኩ።

ከእናቴ ማስታወቂያ ሥር ያለውን ቦታ ለእኔ ይያዙልኝ። ቅናሽ አልጠይቅም። ጽሑፉ እነሆ፦

«ተገኝቷል። የጫማውን ክር አስሮ ታኅሣሥ 20 ከሰዓት በኋላ በሰባት ቁጥር ይደርሳል። እናቱ ፌርማታው ላይ ትጠብቀው።»

ጩሉሌ